በቁልቁለት አገር የማስጠንቀቂያ መብራት ምን ይላል?

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለ ጠባብ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ከእርሷ የሚወጣ መንገድ ብዙም ሳይርቅ ወይ ዳገት ይገጥመዋል ወይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ቦርከና ሸለቆ የሚወርድ ሲሆን፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ከጦሳ ጀርባ ዝቅ ብሎ ወደ ተዘረጋው የገራዶ ሜዳ የሚያወርደው መንገድ ሜዳውን ካቋረጠ በኋላ እንደገና ሽቅብ ወደ ጉጉፍቱ ብርድ፣ ከዚያም ወደ ወረኢሉ፣ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም ያመራል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ አንድ ተሽከርካሪ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

እንዲህ ባለ ምድር ላይ የመኪናን የደኅንነት ሥርዓቶች ጠባይ ማወቅ ለአሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለተቀመጠው ተሳፋሪም የሕይወት ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች የነበሩ መንገደኞችን የጫነ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው፣ በአካባቢው ከሚኖር ሰው አእምሮ በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም።

ነገሩ በግማሹ የታወቀ ነው። ቀይ መብራት ክፉ፣ ቢጫው ለነገ ሊቆይ የሚችል፣ አረንጓዴው ደግሞ ሰላም እንደሆነ መሪ የጨበጠ ሁሉ ያውቃል። የሚጎድለው እያንዳንዱ ምልክት ምን እንደሚለካ፣ ከዚህም ይልቅ ምን እንደማይለካ ለይቶ ማወቅ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ከሁሉ የሚከፋው የፍሬን መድከም ዳሽቦርዱ ላይ የራሱ መብራት የለውምና።

ቁልፉ ሲዞር

የመኪና ቁልፍ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንድ ደረጃ ሲዞር፣ ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አብዛኞቹ በአንድነት ይበራሉ። ሞተሩ ሲነሣ የዘይትና የባትሪ ምልክቶች ወዲያው ይጠፋሉ፤ የኤቢኤስና የኤርባግ ምልክቶች ግን ራሳቸውን መርምረው እስኪጨርሱ ድረስ ጥቂት ሰከንዶች ይቆያሉ። ይህ አጭር ትዕይንት የመኪናው የዕለት ምርመራ ነው፤ መብራቱ ከነጭራሹ ሳይበራ ከቀረ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል፣ በርቶ አልጠፋም ካለ ደግሞ ከጀርባው ያለው ሥርዓት ሕመም አለበት ማለት ነው።

የቀለሞቹና የሥዕሎቹ ትርጉም በየፋብሪካው ፈቃድ የተተወ አይደለም። አይኤስኦ 2575 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክቶቹን አንድ ወጥ ስላደረጋቸው፣ በጃፓን የተሠራች ቪትዝም ሆነች በቻይና የተሠራ የጭነት መኪና የዘይት ማስጠንቀቂያቸው ያው የዘይት ማንቆርቆሪያ ነው። ቀይ ማለት ጉዞውን ለመቀጠል ሳይሆን ደኅና ቦታ ፈልጎ ለመቆም መዘጋጀት ነው፤ ቢጫ ማለት አንድ ሥርዓት ከሥራ ወጥቷል ወይም ሊወጣ ነው፣ በጥንቃቄ ተነድቶ በቅርቡ ይታይ ማለት ነው፤ አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ነገር በሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ያመለክታሉ። የሙቀት መለኪያ ቀስት የሌላቸው እንደ ቪትዝ ያሉ ትናንሽ መኪኖች በደሴ ብርዳማ ማለዳ ሲነሡ የሚያሳዩት ሰማያዊ ቴርሞሜትር፣ ሞተሩ ገና ስላልሞቀ ነዳጅ መስጫውን አታስጨንቀው የሚል ምክር እንጂ ብልሽት አይደለም።

ያገለገሉ መኪኖች በሚገበያዩበት ስፍራ የሚሠሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አንድ የታወቀ ማታለያ ያነሣሉ። ኤርባጉ ቀደም ሲል በግጭት የፈነዳበት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ፣ መብራቱ ዘወትር እየበራ ገዢውን እንዳያስደነግጥ አምፖሉ ይነቀላል፤ ትንሽ የተሻለ ጥበብ ያለው ደግሞ የኤርባጉን መብራት ከዘይቱ መብራት ጋር አገናኝቶ እኩል እንዲበሩና እኩል እንዲጠፉ ያደርጋል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ዓይን ብቻ ነው። ጤናማ የኤርባግ መብራት ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆይ፣ ከዘይቱ ምልክት ጋር በአንድ ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ሳይናገር የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ያለ መከላከያ የሚመታ ደረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«መብራቱን ያጠፋ ሰው ብልሽቱን አልጠገነም፤ ምስክሩን ነው ያስወገደው።»

ሐረጎ የሚያፈላው ውሃ

በኮምቦልቻ አቅጣጫ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር ታች ለመድረስ፣ ከፍታው የሰጠውን ጉልበት ሁሉ በመንገዱ ላይ ማራገፍ አለበት። ጉልበቱ የትም አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን የቤት መኪና 600 ሜትር ስትወርድ የምታራግፈው ጉልበት ወደ 9 ሜጋ ጁል ይጠጋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት በላይ ነው። ሠላሳ ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ ደግሞ የዚህን 20 እጥፍ ያራግፋል። አሽከርካሪው ማርሽ ከቀነሰ ከሙቀቱ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል፤ ማርሹን አውጥቶ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በአራት ጎማዎች ውስጥ ባሉ ጥቂት ኪሎ ግራም ብረቶችና ከመዳፍ በማይበልጡ የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱንም እግር ለይቶ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው የሸራው መድከም ነው፦ ሸራውን አጣብቆ የያዘው ማጣበቂያ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጋዝ ስለሚያወጣና የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ይላል። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ ስላለው፣ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ መቆየት የሚገባው ዶት 3 የተባለው ዓይነት፣ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ዶት 4 የተባለው ደግሞ ከ230 ወደ 155። ዘይቱ በቧንቧው ውስጥ ከፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ስለሚታመቅ፣ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሹፌሮች «ፍሬን እንቢ አለኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዳሽቦርዱ መመለስ ያስፈልጋል። በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ የፍሬን ምልክት የሚበራው የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ ሲቀር፣ የፍሬን ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ሲያንስ፣ በአንዳንድ መኪኖችም ከሁለቱ የፍሬን መስመሮች በአንደኛው ላይ ግፊት ሲጠፋ ነው። ሸራው ስለ መቃጠሉም ሆነ ዘይቱ ስለ መፍላቱ ምልክቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሐረጎ ላይ ሸራው ጭስ እያወጣ ዳሽቦርዱ ፍጹም ሰላማዊ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በመሆኑም በዚያ ሰዓት የሚታመኑት መለኪያዎች አፍንጫና እግር ናቸው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወይም ከቀድሞው ጠለቅ ብሎ የሚይዝ ፔዳል የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተደርጎ መወሰድ አለበት።

«ሸራው እየተቃጠለም ዳሽቦርዱ ዝም ሊል ይችላል።»

ማርሽ አውጥቶ መውረድ፣ በሹፌሮች አነጋገር በፎሌ መሄድ፣ በአካባቢው መንገዶች ላይ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ልማዱን የሚከተሉ የሚኒባስና የአነስተኛ ጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ይላሉ፤ ነዳጅ ፍለጋ ሰልፍ ተሰልፎ ለሚያድር ሰው ይህ ስሜቱ የሚገባ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ የድሮ ካርቡሬተር ስሌት ነው። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ ዘመናዊ ሞተር፣ ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ፣ ጎማዎቹ ራሳቸው ስለሚያዞሩት ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሄድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይኖርበታል። ስለዚህ በዛሬ መኪና በፎሌ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ሸራውንም አብሮ ያባክናል።

ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ፍሬን የአሽከርካሪውን እግር የሚያግዝ አጋዥ አለው፤ አጋዡ ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ ከሚስበው አየር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ በአጋዡ ውስጥ የተከማቸው ኃይል ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ብቻ ፍሬን ለመርገጥ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ተቆልፎ መኪናው መታጠፍ ያቅተዋል።

ነባር ሹፌሮች ረዳቶቻቸውን ሲያሠለጥኑ የሚነግሩት ደንብ አጭር ነው፦ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ደንቡ የሚሠራው ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሲቀነስ ነው፤ መኪናው ከበረረ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ አልገባ ሊል፣ መሐል ላይም ፎሌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አውቶማቲክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ይህ እኛን አይመለከትም ብለው ዲ ላይ እንዳለ የሚወርዱት በስሕተት ነው። በማርሽ መያዣው ላይ ኤል፣ 2 ወይም ቢ ተብለው የተጻፉት ቦታዎች የተቀመጡት በትክክል ለሐረጎና ለገራዶ ዓይነት መንገድ ነው። በዕድሜ ጠና ባሉ የቶዮታ ኮሮላ ዓይነቶች ላይ ኦቨርድራይቭ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚበራው ቢጫ ጽሑፍም ብዙ ባለቤቶችን የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ የሚለው ከፍተኛው ማርሽ ተዘግቷል፣ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል ብቻ ነው።

የአየር ፍሬንና የረዳቱ ታኮ

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚገቡት ባለ ተሳቢዎች፣ ሲኖ ትራኮችና ትልልቅ አውቶቡሶች የሚቆሙት በዘይት ሳይሆን በታመቀ አየር ነው። በዳሽቦርዳቸው ላይ ያሉት የአየር መለኪያዎች ለሁለቱ የፍሬን መስመሮች የሚሆኑ ሲሆኑ፣ ግፊቱ ከ4 እስከ 5 ባር ገደማ ሲወርድ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጩኸትም ይሰማል። በኋላ ጎማዎች ላይ ያለው ጠንካራ ሞላ በአየሩ ኃይል ተይዞ ስለሚኖር፣ አየሩ ጨርሶ ካለቀ ሞላው ተፈትቶ ጎማዎቹን ራሱ ይይዛል፤ የመኪናው የመጨረሻ መከላከያ ይህ ነው። ጩኸቱ ሲሰማ ትንሽ ልሂድ ብሎ መቀጠል ማለት፣ ሞላው አሽከርካሪው ባልመረጠው ኩርባ ላይ ድንገት እንዲይዝ መፍቀድ ነው።

የአየሩ ግፊት ሙሉ ሆኖም አደጋ አለ። የጎማ ከበሮ ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ ሸራው ከበሮውን ለመንካት ረዘም ያለ መንገድ መሄድ ይኖርበታል፤ በዚህ ጊዜ ቀስቱ ሙሉ አየር እያሳየ ፍሬኑ የማይዝበት ሁኔታ ይፈጠራል። የረዥም ርቀት የጭነት አሽከርካሪዎች ከቁልቁለት በፊት ቆም ብለው ሸራ የሚያስተካክሉት፣ ሲወርዱም የሞተር ፍሬንን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን በመዝጋት ሞተሩን የሚያከብደውን መሣሪያ፣ ከማርሽ ጋር አጣምረው የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ገራዶን ተሻግሮ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ የጫነ አይሱዙ ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ከጋቢናው ዘሎ የሚወርድ ረዳት ነው። ረዳቱ በእጁ የያዘውን ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ታኮ ከኋላ ጎማው ሥር ወሽቆ በእግሩ ረግጦ ካጠበቀ በኋላ ነው ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ የሚያነሣው። ታኮው ከየትኛውም ኤሌክትሮኒክስ በፊት የነበረ፣ ዛሬም ምንም ያልተካው ነገር ነው። የታኮ ልማድ የሌላቸው የቤት መኪኖች አሽከርካሪዎች በደሴ ተዳፋት መንደሮች ውስጥ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ የፊት ጎማን ወደ መንገዱ ዳር አዙሮ ማቆምን ልማድ ሊያደርጉ ይገባል።

የሚንቀጠቀጠው ፔዳል

ኤቢኤስ የሚባለው ሥርዓት ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ መኪና ላይ ከተገጠመ ወዲህ ወደ ተራ መኪኖችም ወርዷል። በየጎማው ላይ ያለ ሴንሰር የጎማውን ዙር ይቆጥራል፤ አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ ፍሬን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ለቀቅ ያዝ ያደርገዋል። የተቆለፈ ጎማ ስለሚንሸራተት መሪ አይታዘዝም፤ የኤቢኤስ ዋና ጥቅም እንግዲህ ፍሬን ተረግጦም መኪናውን ከገደል ወይም ከሰው ላይ ማዞር መቻሉ ነው። አሽከርካሪው ይህን የሚያውቀው ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥና ሲያጉረመርም ነው። ድንጋጤ እግርን እንዲያነሣ ያደርጋል፤ ትክክለኛው ግን አጥብቆ ረግጦ መያዝና መሪውን ማዞር ነው። የድሮውን ፍሬን ደጋግሞ የመምታት ዘዴ በኤቢኤስ መኪና ላይ መጠቀም ሥርዓቱን ሥራ ማስፈታት ነው።

ኤቢኤስ የማይሠራው ተአምርም አለ። ጠጠር በተበተነበት ወይም አፈር በበዛበት መንገድ ላይ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ አፈር ሰብስቦ ስለሚቆም፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሌለው ይልቅ ረዝሞ ሊቆም ይችላል። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ ተራው ፍሬን አለ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ግን የለም ማለት ነው፤ ከቀዩ የፍሬን ምልክት ጋር አብሮ ከበራ ግን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው የኃይል ክፍፍል ጭምር ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል መኪናው መቆም አለበት። በኮረኮንች መንገድ የሚሠሩ መኪኖች ላይ የዚህ መብራት መነሻ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ የሴንሰር ሽቦ ወይም በጭቃ የተሸፈነ ሴንሰር እንደሆነ መካኒኮች ይናገራሉ። ፊውዙን ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ሳይሆን ሽቦውን መቀጠል የሚሻለውም ጥገናው ይህን ያህል ቀላል ሊሆን ስለሚችል ነው።

ከኤቢኤስ በኋላ የመጣው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ፣ ሁለት ጠመዝማዛ መስመር በሚከተሉት መኪና ሥዕል የሚታወቀው፣ መሪው ወደሚያመለክተው አቅጣጫ መኪናው የማይሄድ ሲሆን አንዱን ጎማ ለብቻው በመያዝ ያስተካክላል። በሚነዳበት ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነው፤ ዘወትር ከበራ ተበላሽቷል ወይም አንድ ሰው ሳያውቀው የማጥፊያ ቁልፉን ተጭኖታል።

ቀበቶ ከሌለ ኤርባግ ምንድን ነው?

በሦስት ነጥብ የሚያዘውን የወንበር ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ሲሆን፣ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ኤርባግ የተሠራው ለዚህ ቀበቶ ረዳት እንዲሆን ነው። ግጭት ሲደርስ ከረጢቱ ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ ባነሰ፣ የሰከንድ ሦስት መቶኛ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይነፋል፤ ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው በዚያች ቅጽበት አስቀድሞ ወደፊት ስለሚወረወር፣ እየፈነዳ ካለው ከረጢት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሕፃንን ታቅፎ ከፊት ወንበር መቀመጥ በአገሩ ሁሉ የተለመደ የፍቅር ምልክት ቢሆንም፣ ኤርባግ ባለበት መኪና ውስጥ ከረጢቱን የሚቀበለው ሕፃኑ በመሆኑ እናቶችና አባቶች ሊተዉት የሚገባ ልማድ ነው።

የትራፊክ ፖሊሶች የሚያማርሩት ሹፌሩ እነርሱን ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ካለፈ በኋላ መልሶ እንደሚፈታው ነው። ጩኸቱን ለማጥፋት የቀበቶውን ምላስ ብቻ ገዝቶ መሰኪያው ውስጥ የሚከት ሰውም አለ። በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ደግሞ ከኋላ ያለው ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ ወይም ተቆርጦ ስለሚገኝ፣ ተሳፋሪው መታጠቅ ቢፈልግም የሚታጠቀው አያገኝም።

ያገለገለ የጃፓን መኪና የሚገዛ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች፣ ማፈንጃቸው ሙቀትና እርጥበት በበዛበት አካባቢ ለዓመታት ሲቆይ ስለሚበላሽና በግጭት ጊዜ የብረት ስብርባሪ ስለሚረጭ፣ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለቅያሬ ተጠርተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚበዙት የቶዮታ ዓይነቶች ይገኙበታል። መኪናው ከተጠሩት ውስጥ መሆን አለመሆኑ በሻንሲ ቁጥሩ ይጣራል።

ሽቅብ ሲወጣ

ዳገቱ ፍሬንን ሲያሳርፍ ሞተሩን ይፈትናል። በደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላና ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከዚሁ የሚቀራረብ በመሆኑ፣ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊትና ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ክዳኑ የላላበትና ተራ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ መኪና ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጣ ሐረጎ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ መቆሙ የሚጠበቅ ነው። ቀዩ ቴርሞሜትር ሲበራ ማርሽ ቀንሶ፣ የጋቢና ማሞቂያ ካለ እርሱን ከፍቶ፣ ደኅና ቦታ መቆም ያስፈልጋል፤ ትኩሱን የራዲያተር ክዳን መክፈት ግን ፊትና እጅ ያቃጥላል። የባትሪ ምልክት ሲበራም በብዙ ሞተሮች ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር፣ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚከተለው የሙቀት መብራቱ ነው። ቀዩ የዘይት ማንቆርቆሪያ ግን ጥቂት ደቂቃም አይሰጥም፤ የዘይት ግፊት የሌለው ሞተር ብረት ከብረት እየፋቀ ነውና ወዲያው መጥፋት አለበት።

በክረምት ጉም ሐረጎን ሲሸፍን የረጅሙ መብራት ምልክት የሆነው የዳሽቦርዱ ሰማያዊ መብራት መጥፋት ይኖርበታል። ረጅሙ መብራት በጉሙ ላይ ተንጸባርቆ የራስን ዓይን ስለሚያሳውር፣ አጭሩ መብራትና የጉም መብራት ይሻላሉ። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳትም መኪናው በየት በኩል እንደሚታጠፍ ከኋላ ለሚመጣው ስለሚደብቅ፣ ለቆመ መኪና መተው ይኖርበታል።

አዲሱ እንግዳ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በደሴና በኮምቦልቻ ጎዳናዎችም መታየት ጀምረዋል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው የዳሽቦርዳቸው ጽሑፍ ቻይንኛ ሲሆን፣ ባለቤቶቻቸው የሚያነቡት ሥዕሉን ብቻ ነው። ኃይል መቀነሱን የምታመለክተው የኤሊ ሥዕል ስትበራ ባትሪው ዝቅ ብሏል ወይም ሥርዓቱ ከመጠን በላይ ሞቋልና ዳገት መጀመር አይገባም።

ለዚህ አካባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እግር ከመስጫው ላይ ሲነሣ ሞተሩን ወደ ጀነሬተርነት ለውጦ መኪናውን ይይዛል፣ የሚያገኘውንም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሐረጎን በትክክል የወረደ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከተነሣበት የበለጠ ባትሪ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ነው። ባትሪው ቀድሞውኑ ሙሉ ከሆነ ግን ኃይሉ የሚገባበት ስለሌለ ይህ መያዝ ይቀንሳል ወይም ይቀራል፤ ለወትሮው መኪናው ራሱ ይይዝለት የነበረ አሽከርካሪ ሙሉ ክብደቱ ድንገት በሸራው ላይ ሲወድቅ ይደነግጣል። ደሴ ላይ አድሮ በማለዳ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ገራዶ የሚወርድ ሰው ባትሪውን እስከ መቶ በመቶ መሙላት የለበትም፤ ለቁልቁለቱ ቦታ ትቶ ቢነሣ ይሻላል።

መኪናው በነዳጅም ይሂድ በኤሌክትሪክ፣ ጥንቃቄው ለአሽከርካሪው ብቻ የሚተው አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ መሠረት ጥሏል፤ መርማሪው ቦሎውን ከመስጠቱ በፊት ቁልፉን አዙሮ የትኛው መብራት እንደ በራና የትኛው ሳይበራ እንደ ቀረ በዓይኑ ቢያይ፣ የሚወስድበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የአሽከርካሪ ማሠልጠኛዎችም ተማሪን በሜዳ ላይ ከማቆምና ከማስነሣት አልፈው፣ ወደ ገራዶ በሚወርደው መንገድ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያዘወትሩ መውረድን የፈተናው አካል እንዲያደርጉት ያስፈልጋል።

ተሳፋሪውም ድርሻ አለው። በቁልቁለት ላይ የሚነዳው ሰው በመስኮት ነፋስና በሙዚቃ ድምፅ ውስጥ ያልሸተተው የሸራ ቃጠሎ ከኋላ ወንበር ላለው ቀድሞ ሊሸተው ይችላልና፣ «ወንድም ሹፌር፣ ሸራው እየሸተተ ነው፣ ማርሽ ቀንስና ዳር ያዝ» ለማለት ማንም አይፈር፤ ሹፌሩም የተናገረውን ሰው አይቆጣ።